ጥላ ያለው ቀይ መብራት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017

ምን ነካኝ? ዛሬ ስብሰባ ላይ ዝም ብዬ መቀመጥ እየቻልኩ ራሴን እሳት ውስጥ ከተትኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሳቢያን ሰፈር የሚመጣው መንገድ ከገበያው መንገድ ጋር የሚገናኝበት መስቀለኛ፣ አምና መብራት ከተተከለለት ወዲህ መጨናነቁ ብሶበታል። ጠዋት ሰልፉ ይረዝማል፤ ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ይቆለፋል። አለቃችን ኢንጂነር ግሩም መፍትሔ ይዞ መጣ። በመንገዱ መሐል ባለው አካፋይ ላይ የተደረደሩት ዛፎች ይቆረጡ፣ አካፋዩ ይፍረስ፣ በወዲህም በወዲያም አንዳንድ መስመር ይጨመር። ስዕሉ ላይ ያምራል። ዛፎቹ ግን ሌላው አገር “የድሬዳዋ ዛፍ” የሚላቸው፣ እኛ ዝም ብለን “ዛፍ” የምንላቸው ናቸው። አሁን እንቡጥ ይዘዋል፤ ሰሞኑን ቀይ አበባቸው ይፈነዳል። በዚህ ሙቀት እነሱን መቁረጥ ከሰው እጅ ጃንጥላ መቀማት ነው።

“ዛፎቹ ምን አደረጉ? ጥፋቱ የመብራቱ ቢሆንስ?” አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ሁሉም ዞሮ አየኝ።

ግሩም ቢቆጣ ይሻል ነበር። እሱ ግን አይቆጣም፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና፣ “እሺ ዝናሽ፣ እስከ አረፋ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። መንገዱን ሳታሰፊ ሰልፉን አሳጥሪና አሳዪኝ። ካልሆነ ከበዓሉ በኋላ ቆራጮቹ ይገባሉ” አለኝ።

የመሥሪያ ቤቱ የትራፊክ መሐንዲስ እኔ ነኝ። እንዴት አልችልም ይባላል? “እሺ” ብዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ቆጠራ ጀመርን፤ እኔና ጦልሃ። ጦልሃ የቢሯችን ቴክኒሻን ነው፤ ከመሣሪያው ይልቅ ምላሱ ስለታም ነው።

ባጃጅ። ባጃጅ። ሚኒባስ። ባጃጅ። የአህያ ጋሪ። ባጃጅ።

መስቀለኛው ላይ የሚቆም አንድ የትራፊክ ፖሊስ አለ፤ ሳጅን ኒቆዲሞስ ይባላል። ገና ከመቀመጤ፣ “ይቅርታ ኢንጂነር፣ ወንበርዎ መንገድ ዘግቷል” አለኝ። መንገድ ልከፍት የመጣሁት እኔን! ፊሽካው ጆሮ ይበሳል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይውላል፤ ግትር ሰው ነው። ከሰዓት ውኃ አመጣ። ለቆጣሪዎቹ ነው ያመጣው። ጦልሃ ግን አልደረሰውም።

ዓርብ፣ ግንቦት 1

ልደታ። ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮና ዳቦ ሲካፈል እኔ በቁጥር ናላዬ ዞሮ ጥግ ተቀምጬ ነበር። እማዬ ለጎረቤቷ፣ “ልጄ ሰሞኑን ስለ አንድ ፖሊስ ስታማርር ነው የምታመሸው። እንዲህ ስታማርር አይቻት አላውቅም” ስትላት ሰማሁ። ሁለቱም ሳቁ። እማዬን ምን እንደሚያስቃት አንዳንዴ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው።

ስለ ፖሊሱ ያነሳሁት ፊሽካው ስለሚረብሽ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ጉድ ሆንኩ። በቆጠራው መሠረት የመብራቶቹን ደቂቃ ለወጥኩ። ቁጥሩ እንደሚለው ከሰዓት በኋላ ከሳቢያን የሚመጣው ጥቂት ስለሆነ የእነሱን አረንጓዴ አሳጥሬ ለገበያው መንገድ ጨመርኩ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከተማው ተቆለፈ።

ጫት የጫነ ፒክአፕ ክላክሱን ለቆ ያለቅሳል። ሚኒባስ ውስጥ ያሉ ሴቶች እኔን ሳያውቁ ይረግሙኛል። ኢዲል የምትባል ባጃጅ ነጂ አለች፤ ከመስቀለኛው አትጠፋም፤ አንገቷን አውጥታ፣ “አቦ ማነው ይሄን መብራት ያበላሸው? አላህ ይይለት!” አለች። ጦልሃ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ወዳጅ ማለት እሱ ነው።

ሳጅን ኒቆዲሞስ መብራቱን ትቶ በእጁ ፈታው። እጁ ቶሎ ቶሎ ይሠራል፤ ደግሞ አይቆጣም። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ላቡ ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቷል። ይህን የምጽፈው ለጥናቱ ስለሚጠቅም ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

አገኘሁት! ስቄ ስቄ ሆዴን አመመኝ።

ቆጠራው ለምን እንደተሳሳተ ዛሬ ጠዋት ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ገባኝ። ጠዋት የዛፎቹ ጥላ የሚወድቀው ከሳቢያን በሚገባው መስመር ላይ ነው፤ እኛም በዚያ በኩል እንቀመጣለን። ከሰዓት ጥላው አካፋዩን ተሻግሮ በሚወጣው መስመር ላይ ይውላል። እኔና ጦልሃ ደግሞ እንደ ማንኛውም የድሬ ሰው ወንበራችንን አንስተን ጥላውን ተከትለን ተሻገርን። ማንም ተሻገሩ አላለንም፤ እግራችን ራሱ ሄደ። ከማዶ ሲታይ የሳቢያኑን መስመር የዛፎቹ ግንድና የቆመ አይሱዙ ይጋርዱታል። ያላየሁትን የለም ብዬ ጻፍኩ። የለም ባልኩት ላይ አረንጓዴውን አሳጠርኩበት።

ጦልሃ፣ “አይሱዙው ምን አደረገ? ወንበርሽን ወደ ሳጅኑ ያዞርሽው ራስሽ ነሽ” ይላል። ያዞርኩት በጥላው ምክንያት ነው። ጥላው ሥር ሆነሽ ወደ ሳቢያን መዞርም ይቻል ነበር ይላል።

ትልቁ ነገር ግን ይህ አይደለም። እኔ ኮፍያና ጃንጥላ ይዤ ጥላ ተከትዬ ከተሻገርኩ፣ ሞተር ከሥሩ የሚነድበት ባጃጅ ነጂ ምን ያድርግ? ቀና ብዬ አየሁ። ነጩ የማቆሚያ መስመር ፀሐይ ላይ ባዶውን ተኝቷል። ባጃጆቹ በሙሉ ወደ ኋላ ርቀው ዛፎቹ ሥር ናቸው። ከዚያ ሆነው መብራቱ በቅጠል ይጋረድባቸዋል፤ አረንጓዴ መብራቱን የሚያውቁት ከኋላ ክላክስ ሲጮህባቸው ነው። ተነስተው መስመሩ ጋ ሲደርሱ ግማሹ አረንጓዴ አልቋል። ከሰዓት ደግሞ በአካፋዩ ክፍተት ሾልከው በማዶው መስመር ላይ፣ ጥላው ሥር ይቆማሉ። ወጪና ገቢ ፊት ለፊት ይፋጠጣል። ቁልፉ ይሄው ነው!

ሮጬ ለሳጅን ኒቆዲሞስ ነገርኩት። ለምን መጀመሪያ ለእሱ እንደነገርኩ እንጃ፤ ቅርብ የነበረው እሱ ነው። “እኔ እኮ ነጂዎቹ የሚንቁኝ መስሎኝ ነበር” አለና ሳቀ። ጥርሱ ያምራል።

እሑድ፣ ግንቦት 10፣ ማታ

ሙቀቱ ቤት ውስጥ ስለማያስተኛ አልጋዎቹን ግቢ አውጥተናል። እማዬ ተኝታለች። እኔ በስልኬ ብርሃን እጽፋለሁ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ሳስበው ሳስበው ያገኘሁት ነገር ዛፎቹን የሚያድን ሳይሆን የሚገድል ነው። ግሩም ምን ይላል? “ባጃጆቹን ወደ ኋላ የሚጎትታቸው ጥላው ከሆነ፣ ጥላውን እናንሳዋ!” ይላል። ልክ ነው ደግሞ። ዛፍ ከሌለ ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ የትም ብትቆም ያው ነው፤ ሁሉም መስመሩ ላይ ይቆማል። ጠበቃ ልሆንላቸው ሄጄ ምስክር ሆንኩባቸው።

ዝም ብልስ? አልችልም። ጦልሃ ያውቃል፣ ሳጅኑ ያውቃል። ባያውቁም አልችልም።

ግን ለምን በተቃራኒው አላስበውም? ሰዉ ከጥላው አይለይም። ጥላውን ከሰዉ መንጠቅ አንድ መንገድ ነው። ሌላው መንገድ ጥላውን ወደ መስመሩ ማምጣት ነው። ከዛፎቹ ግንድ እስከ መንገዱ ዳር ምሰሶ ድረስ፣ ልክ ነጩ መስመር ላይ፣ የሆነ ነገር ብንወጥር? ጠዋትም ከሰዓትም ጥላው እዚያው ይውላል። አንዲት ትንሽ መብራት ዝቅ አድርገን እንተክላለን፤ የፊተኛው ባጃጅ ያያታል። የአካፋዩን ክፍተት አሸዋ በሞላ ጎማ እንዘጋለን።

ዳስ ለባጃጅ! ብቻዬን ሳቅሁ። እማዬ ነቅታ፣ “ፖሊሱ ነው?” አለችኝ። ተኝታ አልነበረም ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ለግሩም ሁሉንም ነገርኩት። የፈራሁትን ቃል በቃል አለ። “እንግዲያው ጥፋተኞቹ ዛፎቹ ናቸዋ?”

“አይደሉም። መስመሩን ጥላ የሌለበት ቦታ ያሰመርነው እኛ ነን” አልኩት።

ስዕሉን አገላብጦ አየ። ከዚያ፣ “የጊዜ ገደቡ አልተለወጠም። በጀትም የለኝም” አለኝ። እምቢ አላለም!

ሸራ ከየት ይምጣ? እማዬ የሰፈራችን እድር ዕቃ ቤት ኃላፊ ናት። ለምኜ ለምኜ የድንኳኑን ሸራ ፈቀደችልኝ። “ብትቀጂው አንቺን ነው የምንገንዝበት” አለችኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

የዛሬውስ ለወሬም አይመች።

ሸራውን ከእድሩ ሰዎች ጋር በሌሊት ተነስተን ወጠርን፤ አይሱዙ እንዲያልፍ ከፍ አድርገን። የመጀመሪያው ባጃጅ መጣ፤ ዛፎቹን አልፎ ሸራው ሥር ገባና ልክ ነጩ መስመር ላይ ቆመ። ሁለተኛው ከጎኑ። ሦስተኛው ከኋላ። የጦልሃን ክንድ ቆንጥጬ ልቆርጠው ነበር። አረንጓዴ በራ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

የፊተኛው ነጂ ሞተሩን አጠፋ። ኮፍያውን አውልቆ ወረደና በቀስታ፣ “ማን ነው?” አለኝ።

“ምን ማን ነው?”

“ያረፈው።”

የእድር ድንኳን መንገድ ላይ ተወጥሮ ያየ ሰው ምን ያስባል? እኔ አላሰብኩም። ሸራውን ስትሰጠኝ እማዬም አላሰበችም። አብረውን የወጠሩት ሁሉ ለቅሶ ቤት ስንት ዓመት ድንኳን የተከሉ ሰዎች ናቸው፤ አንዱም አላሰበም። ሚኒባስ ቆሞ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወረዱ። አባባ ዓብዱልአዚዝ፣ የባቡር ጡረተኛው፣ “ኢናሊላሂ” እያሉ አሸዋ የሞላነው ጎማ ላይ ተቀመጡ። እሳቸው ከተቀመጡ በኋላ ማን ይሂድ? ሰልፉ ሳቢያን ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

ሳጅን ኒቆዲሞስ ፊሽካውን ሲነፋ አንዲት እናት፣ “አንተ ባለጌ! ለቅሶ ቤት ፊሽካ ይነፋል?” ብለው ጮኹበት። ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ፣ “ይቅርታ እናቴ” አለ። ከዚያ አየኝ። እኔም አየሁት። ሳቄን ልይዘው ሞከርኩ፤ እሱም ሞከረ። ሁለታችንም አልቻልንም። ለቅሶ ደራሾቹ ጉድ አሉ።

ኢዲል ባጃጇን አቁማ ጮኸች፤ “ዋሪያ ጦልሃ! ባጃጅ ቀበራችሁ እንዴ?”

ሸራውን በቀትር አወረድነው። አልተቀደደም። እፎይ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ግሩም ስለ ለቅሶው ሰምቷል። ከተማው በሙሉ ሰምቷል። አንዲት የሒሳብ ክፍል ባልደረባዬ “እግዜር ያጽናሽ” ብላ አለፈች። ዛፎቹ አበባቸው ፈንድቶ ቀይ ለብሰዋል። በእኔ ችኮላ ሊቆረጡ ነው።

ሳጅኑ ዛሬ፣ “አይዞሽ” አለኝ። አይዞዎት አላለም፣ አይዞሽ። ድፍረት ነው። መልሼ ልገሥጸው አስቤ ረሳሁት።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ኢዲል ትባረክ! አክስቷ ታይዋን ገበያ የድሪያ ቀሚስ ጨርቅ ይነግዳሉ። ቅዳሜ መጥታ፣ “አቦ ዝናሽ፣ እኛ እኮ ጥላውን ወደነዋል፤ ሬሳውን ነው ያልወደድነው! ቀለም ያለው ነገር ስቀሉ” አለችኝ። በባጃጇ ሙሉ ጣቃ ጨርቅ አመጣች፤ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ባለ አበባ። ስስ ስለሆነ ደረብነው። ትናንት ስንሰፋ ዋልን። እማዬ ከእድሩ ሴቶች ጋር መርፌ ይዛ መጣች፤ የኢዲል አክስትም መጡ፤ ማን የማን ቋንቋ እንደሚናገር ሳይለይ ሲሳሳቁ ዋሉ። ሳጅኑ የዕረፍት ቀኑ ነበር። ምሰሶ ሲተክል ዋለ። ማንም አላዘዘውም።

ዛሬ ጠዋት ተወጠረ። ነፋስ ሲነካው ቀለሙ አስፋልቱ ላይ ይጫወታል። የፊተኛው ባጃጅ ከሩቅ አይቶ ፈጥኖ መጣና መስመሩ ላይ ቆመ። ከሚኒባስ ውስጥ እልልታ ተሰማ። ትንሿ መብራት አረንጓዴ ሆነች።

ሄደ! ሁለተኛው ሄደ! ሁሉም ሄዱ!

ከሰዓት፣ ጥላው ወደ ማዶ በሚሻገርበት ሰዓት፣ አንድም ባጃጅ አልተሻገረም። አለቀስኩ። ሙቀቱ ነው አልኳቸው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ይሠራል።

ነጂዎቹ ቀድመው ለመድረስ ይሽቀዳደማሉ፤ ቀይ መብራት የሚወድ ነጂ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። “ቀዩን አርዝሚልን” ያለኝም አለ። ጦልሃ፣ “ይሄ የማን ሰርግ ነው ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበል?” ይለኛል። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ነው በላቸው አልኩት።

ሳጅን ኒቆዲሞስ ዛሬ ጥላ ሥር ቆመ። ሥራ ስለቀነሰለት ስናወራ ቆየን። ስለ ትራፊክ ነው። አያቱም እንደ አያቴ ባቡር ላይ ነው የሠሩት፤ ሽሮ አይወድም፤ ዝናብ ይወዳል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

የአረፋ ዋዜማ። ፈተናው ዛሬ ነበር። በግ የጫነ መኪና፣ ልብስ የሸከፈ ሰው፣ ከዋሂል የመጣ፣ ከመልካ ጀብዱ የመጣ፣ ሁሉም አንድ ላይ። እኔ ጥፍሬን ጨርሼ ወደ ጣቴ ልገባ ነው። ሰልፉ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል።

አሥር ሰዓት ገደማ አንዲት ነጭ መኪና መስመሩ ላይ ቆመች። አረንጓዴ በራ፤ አልሄደችም። ክላክሱ ከኋላ ቀለጠ። ሳጅኑ ፊሽካውን ነፍቶ ሮጠ።

“ኧረ አለቃችን ነው!” አለ ጦልሃ።

“አረንጓዴ አለቃ አያውቅም። ወደፊት!” አለ ሳጅኑ።

ግሩም አንገቱን አውጥቶ ጨርቁን፣ በላዩ ላይ የረገፈውን ቀይ አበባ ሲያይ ነበር። ሄደ፤ ዞሮ ተመለሰ፤ እንደገና ቆመ። ከዚያ መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ።

“ሰልፉ የታለ?” አለኝ።

“የመጨረሻው እርስዎ ነዎት” አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ጠርጎ አልጨረሰም። ያን ጊዜ ዛፎቹ እንደተረፉ አወቅሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ዛፎቹ አይቆረጡም! በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፤ ግሩም ራሱ ነው ያነበበው። በጨርቁ ፈንታ ቋሚ ጥላ ይሠራል፤ ስዕሉን የምሠራው እኔ ነኝ።

ሪፖርቱን ጽፌ አስገባሁ። መጨረሻው ላይ እንዲህ አልኩ፤ “መስቀለኛው ራሱን ችሏል፤ ከእንግዲህ ቋሚ የትራፊክ ፖሊስ አያስፈልገውም።” የምኮራበት ዓረፍተ ነገር ነው። ለአንድ መሐንዲስ ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

ኢዲል ለሁላችንም ትኩስ ጣፋጭ፣ ሙሽበክ ገዛች። እጃችን በዘይት ተነክሮ ዛፎቹ ሥር በላን። ዛሬ በከተማው ውስጥ ከእኔ የበለጠ የተደሰተ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ሳጅን ኒቆዲሞስ ከከተማው ዳር ወዳለው መልካ ጀብዱ ተመድቧል። አለቆቹ ሪፖርቴን አንብበው ነው።

ሊሰናበተኝ ቢሮ መጣ። “ኢንጂነር፣ አባረርሽኝ አይደል?” አለኝ እየሳቀ። እኔም ሳቅሁ። “እንኳን ደስ አለህ” አልኩት። ምን ማለቴ ነው እንኳን ደስ አለህ?

ጥሩ ነው። ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው። ከሰዓት መስቀለኛው ጋ ሄጄ ቆምኩ። ሁሉም በሥርዓቱ ይሄዳል። ደስ ይላል። ፊሽካ የለም። ጸጥታው ጆሮ ይበሳል።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

እማዬ፣ “ዝናሽ፣ ሰው ሁሉ መንገድ እንዲያገኝ አድርገሽ አንቺ ቆመሽ ቀረሽ” አለችኝ። ተቆጣኋት። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ ነገ መልካ ጀብዱ ለጥናት እንደምሄድ ነገርኳት።

“ለጥናት ከሆነማ አዲሷን ቀሚስሽን ልበሺ” አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ለበስኳት።

ሚኒባሱ አውርዶኝ ሄደ። ኒቆዲሞስ መንገዱ መሐል ቆሟል። ግራ ቀኙ ባዶ ነው። ሲያየኝ እጁን ወደ ላይ እንዳነሳ ቀረ።

“እዚህ ምን ልትቆጥሪ መጣሽ? የሚያልፈው እኮ አንድ መኪና ነው፤ ከዚያ ደግሞ ግመል” አለኝ።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት መልስ ነበር። የጭነት መኪኖች ፍሰት፣ የመጋጠሚያው ስፋት፣ ምናምን። ሁሉንም ተውኩት።

“ምንም አልቆጥርም። አንተን ልይ ነው የመጣሁት። ናፈቅኸኝ” አልኩት።

ይኸው ጻፍኩት። ደስ ብሎኛል።

እሱ ያነሳውን እጁን ማውረድ ረስቶ እያየኝ መሣቅ ጀመረ። ከኋላው አንድ የጭነት መኪና መጥቶ እጁን አይቶ ቆመ። ሌላ መጣ፤ ቆመ። ባጃጅ መጣ። ግመል የሚነዱ ሰዎችም ደርሰው ቆሙ። የፊተኛው መኪና ሾፌር ክላክሱን አንድ ጊዜ ነካ አደረገ፤ ከዚያ ሳያቋርጥ ለቀቀው። ኒቆዲሞስ አልሰማም።

እኔ ሰምቻለሁ። አልነገርኩትም።